ቤት ጥሎ የወጣው ማነው?

አዳማ ስደርስ ሁሌም ቀድሞ የሚቀበለኝ ነፋሱ ነው። ዘንድሮ ግን ሻንጣዬን በወጉ ሳልፈታ አክስቴ ቤት ሽማግሌዎች መሃል ተቀምጬ ተገኘሁ። የአክስቴ ልጅ ከባሏ ተጣልታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት ከገባች አራት ወር ሆኗታል። ባልየው የበሩን ቁልፍ ቀይሯል። አጎቱ ቡናቸውን ፉት ብለው ነገሩን ቋጩት፦

«ቤቱን ጥላ የወጣችው እሷ ናት። ጥሎ የወጣ በሕግም ምንም አያገኝም።»

ማንም አልተከራከራቸውም። አክስቴም አንገቷን ደፋች። እኔ ግን አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ጓደኛዬ ትዝ አለኝ።

እሱም ቨርጂኒያ ውስጥ ሽማግሌ ገጥሞታል። (አሜሪካም ሽማግሌ አለ፤ በሶዳ የተቀየረው ቡናው ብቻ ነው።) ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቁ «ነገሩ እስኪበርድ ዞር በል» አሉት። ዞር አለ። አንድ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ተከራየ። ሦስት ወር ሳይቆይ የክስ ወረቀት መጣለት፤ ምክንያቱ ቤት ጥሎ መሄድ ይላል። «ለሰላም ብዬ ወጣሁ እንጂ መች ጣልኳት?» ብሎ ሳቀ። ጠበቃው ግን አልሳቀም።

ቨርጂኒያ ዛሬም በፍቺ ጥፋትን ትቆጥራለች። ትዳሩን ሊያፈርስ አስቦ ቤቱን የለቀቀ ሰው ላይ ይህ ራሱ የፍቺ ምክንያት ይሆንበታል። ተደብድቦ የሸሸ ጥሎ ሄደ አይባልም። ተስማምተው የተለያዩም እንደዚያው። ግን የሰው ሐሳብ በምን ይታያል? ስለዚህ ጠበቆቹ «ሳትፈራረሙ ከቤት አትውጡ» ይላሉ። መውጣት ብቻውን ድርሻ አያሳጣም። ሆኖም ዳኛው ንብረት ሲያከፋፍል ትዳሩ በምን እንደፈረሰም ሊያይ ይችላል። ልጆቹ ደግሞ እስከዚያ ቤት ከቀረው ጋር ተላምደው ይቆያሉ። ጥፋት ሳይነሣ መፋታት የፈለገ አንድ ዓመት ተለያይቶ መኖር አለበት። ትንሽ ልጅ ከሌለና የተፈራረሙበት ውል ካለ 6 ወር ይበቃል።

ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ የገባ ሌላ ሕግ ያገኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የጥፋት ጉዳይ ቀርቷል። 6 ወር ተለያይቶ መኖር በቂ ነው፣ ያውም በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩም ይቆጠራል። ጓደኛዬ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢከራይ ኖሮ ያ ወረቀት ባልመጣለት ነበር ብሎ ይቆጫል። እንደሱ ቀላል አይደለም፤ ግን ቁጭቱ ይገባኛል።

በማግስቱ የአክስቴን ልጅ ባጃጅ አሳፍሬ ጠበቃ ጋ ወሰድኳት። ጠበቃዋ የአጎትየውን ነገር ስትሰማ ፈገግ አለች። «ጋሼ የሚሉት ሕግ ነበረ» አለች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከጋራ መኖሪያው ወጥቶ ሁለት ዓመት የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ትልቅ የፍቺ ምክንያት እንደሰጠ ይቆጠር ነበር። የቤተ ዘመድ ዳኞችም ጥፋተኛ ያሉትን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጡት ይችሉ ነበር። የአክስቴ ልጅ እንኳ ያኔም አትገባበትም፤ እናቷ ቤት ከባሏ ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው።

በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ይህን ሁሉ ትቶታል። ለመፋታት ጥፋት መቁጠር የለም። የጋራ ንብረት እኩል ይካፈላል። ፌዴራሉ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ኦሮሚያ በ1995 የራሷን አውጥታለች፤ በዚህ ነገር ብዙም አይራራቁም። ክሱ እስኪያልቅ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብና ስለ ልጆች ትእዛዝ ይሰጣል። አንዱ ከቤት ይውጣ ከተባለም የሚታየው የልጆቹ ጥቅምና መውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። ቁልፍ የቀየረ አይደለም የሚወስነው። ጥፋተኛው ካሳ ሊከፍል የሚችልበት መንገድ አለ፤ «ምንም አታገኝም» የሚል ግን የለም።

«ለጊዜው መለያየትም በስምምነት ይፈቀዳል» አለች ጠበቃዋ። «ሽማግሌዎቹ ዞር በሉ ሲሉ ወረቀት ቢያስፈርሙ ምን ነበረበት?» ጓደኛዬን አሰብኩት። እኛ አዳማ ላይ በሞተ ሕግ እናስፈራራለን፤ አሌክሳንድሪያ ላይ ደግሞ በሕይወት ያለውን ሳናውቅ ዘለን እንገባበታለን።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ልጅ ዳላስ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሚስቱ እዚሁ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ልጅ ታሳድጋለች። ስለ እሱ ሲወራ «ሄደ» ነው የሚባለው። «ጥሎ» የምትለዋ ቃል የለችም። ብር ላከ ይባላል፣ ወረቀቱ አላለቀለትም ይባላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎች ትዳራቸው ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔም እንደፈረሰ ሊቆጠር ይችላል ያለበት ውሳኔ አለ። ይህቺ ሴት አንድ ቀን ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ ትዳሯ የፈረሰው ከስንት ዓመት በፊት ነው የሚለው ክርክር ይጠብቃታል። ዳላስ የተገዛ ቤት ካለ የጋራ መሆን አለመሆኑም በዚያ ቀን ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ለሽማግሌው መንገር አማረኝ። ቡና ላይ አይሆንም ብዬ ተውኩት። እኔም ከዚያው የመጣሁ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ክስ አስገባች። ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ እሷ አቀላጥፋ ታወራለች፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ግማሹ አመለጠኝ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ለልጆቹ የወር ቀለብ ተቆረጠ። የቤቱ ነገር ለሚቀጥለው ቀጠሮ ተላለፈ፤ ያኔ እኔ የለሁም። ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። ቤዝመንት ነው፣ ከላይ የሰው እግር ኮቴ ይሰማል። «ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ቀረኝ» አለኝ።