ጋቢው ለፎቶ ነው

የሰፈሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። መጀመሪያ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ግማሾቻችሁ እዚያው ነበራችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ፎቶውን ላይክ አድርጋችኋል።

ባለፈው ቅዳሜ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። «ባለውለታዎቻችንን እናከብራለን» የሚል ባነር ተሰቀለ። 11 አዛውንት ተጠሩ። አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ሁለቱ እናቶች ናቸው፤ አንዷ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ያዋለዱ። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ አዛውንቶቹ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰዋል። የክብር እንግዳው የመጡት 5 ሰዓት ተኩል ነው። የፊት ወንበሮች ለእንግዶች ተይዘው ስለነበር፣ በዓሉ የተዘጋጀላቸው ሰዎች ጥላው የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲጠብሳቸው አረፈደ። አንድ አንድ ሃይላንድ ውሃ ታደላቸው። ንግግሩ 40 ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ስማቸው እየተጠራ መድረክ ወጡ።

ሃምሳ አለቃ አራተኛ ነበሩ። የክርስትናም የመዝገብም ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሃምሳ አለቃ ነው የሚላቸው። ሰባን አልፈዋል። ለቀብርም ለሠርግም የሚለብሷትን ቡናማ ኮት ለብሰው መጥተዋል። የክብር እንግዳው ጋቢ አለበሷቸው። ወፍራም፣ ደህና ጋቢ ነው። ተጨበጨበ። ሃምሳ አለቃ ጠርዙን በሁለት ጣታቸው ሲዳስሱት አየሁ፤ የክረምቱን ብርድ ይችል እንደሆነ እንደሚገምት ሰው።

ከመድረኩ ሲወርዱ አንድ የኮሚቴ ልጅ ክንዳቸውን ያዝ አደረገ።

«አባባ፣ ጋቢውን ይመልሱልኝ። ለፎቶ ነው። ቀጣዩ ሰው እየጠበቁ ነው።»

አንድ ጋቢ ነው የተገዛው። ለ11 ሰው።

ሃምሳ አለቃ አልተከራከሩም። ከትከሻቸው አወረዱት። ጫፍና ጫፉን ገጥመው፣ እጥፋቱን በመዳፋቸው እየተጫኑ፣ ልክ ወታደር ብርድ ልብሱን እንደሚያጥፍ አድርገው አጠፉት። በሁለት እጃቸው ሰጡት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉ። ለምኑ እንደሆነ እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ጋቢው ሌሎች ሰባት ትከሻዎች ላይ ዞረ። መጨረሻ ላይ ከባነሩ ጋር ተጠቅልሎ ፒካፕ ላይ ተጫነ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። የሲያድ ባሬ ጦር በ1969 ክረምት ሲወረን ሃምሳ አለቃ የ22 ዓመት ልጅ ነበሩ። መስከረም ላይ ጅጅጋ ስትያዝ እርሳቸው ታጠቅ ጦር ሰፈር መሣሪያ መፍታትና መግጠም ይማሩ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ነበሩ። ስለ ተኩሱ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ውሃ ነው። አንድ ኮዳ ውሃ ለስምንት ሰው፣ በክዳኑ እየተለካ። ከሁሉ በኋላ የጠጣው ልጅ ድርሻውን ለቁስለኛ ሰጥቶ ክዳኑን ብቻ ሲልስ ያዩትን ይናገራሉ። ከዚያ በላይ አይሄዱም።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከሰሜን በእግራቸው መጡ። በወታደር ልብስ የተነሱትን ፎቶ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። «የደርግ ወታደር» ስድብ የሆነበት ጊዜ ነበር። እኔ ስለ ደርግ አልከራከርም። በኮዳ ክዳን ውሃ የተካፈለ የ22 ዓመት ልጅ ግን ለማን እንደተጠማ የሚጠፋው ሰው ካለ፣ እሱ ከእኔ ጋር አይነጋገር።

ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ተሸክመው ልጆች አሳደጉ። የእድራችንን ጡሩንባ ከ20 ዓመት በላይ ነፉ። ዛሬ ሞት የምንሰማው በቴሌግራም ነው፤ ያኔ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት በጭቃ እየዞሩ የሚነግሩን እርሳቸው ነበሩ። እናቴ የሞተች ሌሊት ዝናብ ነበር። ጡሩንባውን ኮታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በየመታጠፊያው እያወጡ ነፉላት።

ታዲያ ፎቶውን ማን ያነሳው ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ፈገግ አሉልኝ። ጋቢው ሲወሰድ ስልኬ እጄ ላይ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ማታ ለጠፍኩት። «ለአባቶቻችን ክብር» ብዬ ጻፍኩበት። ላይኩ ሲጎርፍ ደስ አለኝ። ውጭ አገር ያለች የልጅነት ጓደኛዬ «አስለቀስከኝ» አለችኝ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ሌላ ማን ነው?

ግን ብቻዬን አልነበርኩም። መቶ ሰው ነበርን። ሁላችንም አይተናል። ሁላችንም ለስላሳችንን ይዘን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረናል። ሪፖርቱ ላይ «11 አዛውንቶች ተሸለሙ» ተብሎ ተጽፏል፤ እናንተም እኔም የዚያ ሪፖርት ምስክሮች ነን።

ለሞተ ሰው አበባ አናጣም። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሄዳችሁ እዩ። በቁም ያለውን ግን ባዕድ ይሻለዋል። ከ1943 ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል፤ አንድም አልተማረከባቸውም። ኮሪያውያን ቹንቾን ላይ ሐውልት አቆሙላቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። እኛ አንድ ጋቢ እናዞራለን።

ረቡዕ ዕለት ጋቢ ገዝቼ ሃምሳ አለቃ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አፌ ተሳሰረ። ዝም ብዬ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩት። ብድግ አሉ። ኮታቸውን ቆለፉ። ግድግዳውን ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙና ፈገግ አሉ። ፎቶ እስካነሳቸው እየጠበቁ ነበር።

«የለም፣ ሃምሳ አለቃ» አልኩ። «ስልኬን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት።» ውሸቴን ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትንሽ ቆይተው ተቀመጡ። ጋቢውን ግን ወዲያው አላመኑትም፤ ስወጣም ጠርዙን እንደያዙ ነበሩ።

10 ጋቢ ይቀራል። የእኔ ደሞዝ አይችለውም። የፊታችን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእድር ስብሰባ አለ፤ አጀንዳ አስይዣለሁ። ባለፈው ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ተበትነናል፣ እሁድም ስንት ሰው እንደሚመጣ እንጃ። ቢሆንም ወንበሮቹን በጊዜ እንደረድራለን። የፊተኛው ረድፍ ጥላ ውስጥ ይሆናል።