ይድረስ ለክቡር አያ ምንም-አልፈልግም

ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምንም ያለመፈለግዎን በፊርማዎ እንዲያረጋግጡልን ስለመጠየቅ

ክቡር አያ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎና ከፊርማዎ በስተቀር አንዳችም አልጎደለብንም።

እርስዎን የማያውቅ የጎጃም ቤት የለም። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ፣ አባት ባረፈበት ድንኳን ሁሉ አንድ እርስዎ አይጠፉም። ቀብር ላይ አርፍደው ይደርሳሉ፤ ልቅሶው ላይ ግን የሚቀድምዎ የለም። በሰልስቱ፣ ገና ማንም ስለ ንብረት ትንፍሽ ሳይል፣ ጉሮሮዎን ጠርገው "እኔ እንኳ ምንም አልፈልግም" ይላሉ። ማን ጠየቀዎ? ለቀስተኛው ግን "ልጅ ማለት እንዲህ ነው" ብሎ ይመርቅዎና ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። እርስዎ ባንዲት አፍታ መነኮሱ፤ እኛ በዚያችው አፍታ የሬሳ ጅብ ሆንን። ከዚያ ወዲህ "የቤቱ ካርታ የት ነው ያለው?" ባልሁ ቁጥር አክስቶቼ ያማትባሉ።

አርባው ወጥቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ ከደረት ኪስዎ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። ለካ ምንም የማይፈልግ ሰው ደረሰኝ ይሰበስባል! የተዝካሩ ሰንጋ፣ የድንኳኑ ኪራይ፣ አባታችን ባሕር ዳር ተኝተው ሲታከሙ ይዘው የሄዱት ብርቱካን ሳይቀር ተጽፏል። ሕጉ ከውርሱ ሀብት በመጀመሪያ የቀብር ወጪ ይከፈል፣ እሱም ለሟቹ ክብር የሚገባውን ያህል ይሁን ይላል። ስለ ብርቱካን ግን ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ ታናሽዎ፣ ቤተሰቡ ውርስ አጣሪ አድርጎ የመረጠኝ (በእርስዎ ጥቆማ መሆኑን አይርሱ፣ "እሷ ትሯሯጥ፣ እኔ ምንም አልፈልግም" ብለው)፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎ። አባታችን ሳይናዘዙ ነው ያረፉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይካፈላሉ ይላል፤ ወንድ ሴት፣ ታላቅ ታናሽ ብሎ አይለይም። ከዚያ በፊት ግን በትዳር ያፈሩት ሀብት ግማሹ የእናታችን ነው፤ ወርሳው ሳይሆን የራሷ ስለሆነ። እንግዲህ ከእያንዳንዱ 100 ብር 50ው የእምዬ ነው። የቀረው 50 ለአምስታችን ሲደርስ 10፣ 10 ብር ነው። ይህን ሳሰላልዎ "እናቴ በሕይወት እያለች!" ብለው እንባ አወጡ። እምዬ አጠገብዎ ተቀምጣ "ኧረ ተካፈሉና ልረፍ" ስትል ግን አልሰሟትም። ምናልባት ልቅሶዎ ድምፅዋን ውጦት ይሆናል።

የሞት ምስክር ወረቀቱን ከቀበሌ አወጣሁ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ከተጀመረ ወዲህ ይኼኛው እንኳ ከተፈራው ቀለለ። ልጅነታችንን የሚመሰክሩ ሽማግሎች ይዤ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀረብሁ፤ የወራሽነት ማስረጃው ወጣ። የእርስዎ ስም አንደኛ ተራ ላይ ነው። ፍርድ ቤት ይፈልጋሉ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ልጃቸው ነዎት ወይ ብሎ ነው የሚጠይቅ። ማስረጃውን ይዤ ባንክ ብሄድ ልጅቷ ትሕትና ባለው ድምፅ "ወራሾቹ በሙሉ በአካል ይቅረቡ፣ ያልቻለ ውክልና ይላክ" አለችኝ። ደወልሁልዎ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "በእኔና በአንቺ መካከል ውክልና ምን ያደርጋል? አታምኚኝም?"

አምንዎታለሁ፣ አያ። የማያምንዎ ባንኩ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክዎ "ኔትወርክ የለም"። ለሠርግና ለክርስትና ጥሪ ሲሆን ግን ኔትወርኩ እንደ ተአምር ይመለሳል። በዚህ መሃል አባታችን ከጤፍና ከወይፈን ሽያጭ እየቆጠቡ ያስቀመጡት ገንዘብ ባንክ ቤት ተኝቷል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ መተኛት ብቻ ሳይሆን እየከሳ ነው። ያኔ ጥሩ ጥማድ በሬ ይገዛ የነበረው ድርሻዎ ዛሬ አንድ በሬ ይገዛ እንደሆነ አላውቅም። ምንም አለመፈለግዎ ለእኛ ብዙ አስወጣን።

ሕጉ ደግሞ የእርስዎን ዓይነት ቅድስና አያውቅም። ውርስ የማይፈልግ ሰው በጊዜው፣ በወጉ "ትቻለሁ" ብሎ ማስታወቅ አለበት፤ ዝም ካለ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል። ስለዚህ በሰልስቱ ያሰሙት ንግግር ምርቃት አስገኘልዎ እንጂ ከወራሽነት አላወጣዎትም። ያውም እኮ በአፍዎ ሲተዉ በእጅዎ አልተዉም። መጀመሪያ "የአባቴን የብራና ዳዊት ብቻ ስጡኝ፣ ለመታሰቢያ" አሉ። ማን ይከለክልዎታል? ቀጥለው "ዳዊቱ የሚቀመጥበት ሳጥንስ?" አሉ። ሳጥኑ ከእልፍኙ ሲወጣ ይሰበራል ተባለ፤ እንግዲያው እልፍኙ አብሮ ይሁን አሉ። እልፍኙ ደግሞ እንደምናውቀው ደብረ ማርቆስ ላይ ፊቱን ወደ ዋናው መንገድ የሰጠ፣ ነጋዴ ሁሉ ለሱቅ የሚመኘው ነው። ዳዊት እንዲህ ሰፊ ቦታ የሚፈልግ መጽሐፍ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የገጠሩ መሬትስ ሲባል "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" ብለው ተረቱ። አያ፣ ያ ርስት የቀረው የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ በታወጀበት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ጥንትማ በአባትም በእናትም ሐረግ እየቆጠሩ፣ አቅኚ አባት እየጠሩ፣ "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ እድሜ ልክ የሚሟገቱበት አገር ነበር፤ እርስዎ ያኔ ቢወለዱ ኖሮ ቢያንስ ግጥም ያወጡበት ነበር። አሁን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አባታችን የነበራቸው የመጠቀም መብት ነው፣ እሱም በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ተቆርሶ የተረፈው። ደብተሩ ወረዳው መሬት አስተዳደር አለ፤ እዚያም ሲጠሩ አልመጡም። ባሕር ዛፉን ግን የአጎታችን ልጅ በሌሊት እየመለመለው ነው። እሱም ሲጠየቅ "አያ ምንም አልፈልግም ብሎኛል" ይላል፤ ስምዎ ፈቃድ ሆኖለታል።

ሽማግሎቹ መጨረሻ ላይ "ለእርስዎ ጨምረን እንስጥዎና ይፈረም" ሲሉ እርስዎ ቆብዎን አውልቀው "እህቴ ትብላው!" አሉ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ስሄድ የማያውቀኝ ሰው ሳይቀር አባቷን የበላች እያለ ያየኛል። እኔ የጠየቅሁት አሥር ብሬን ነው፣ ከመቶው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፣ ወይ መጥተው ድርሻዎን እንዲወስዱ ነው፤ ማንም አይታዘብዎትም፣ እኛም ልንወስድ ነው። ወይ ደግሞ ያንኑ የሰልስቱን ንግግር ወረቀት ላይ እንዲደግሙልን ነው፤ ያለ ድንኳንና ያለ ለቀስተኛ መናገሩ ሊከብድዎ ስለሚችል፣ ፊርማዎን ሲያኖሩ ቆመው የሚመርቁዎ ሦስት አራት ሽማግሎች በውርሱ ወጪ አመጣልዎታለሁ። ፍርድ ቤት ለክረምት ሳይዘጋ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከሰላምታ ጋር
ታናሽ እህትዎ፣ ውርስ አጣሪዋ

ግልባጭ፦
ለእምዬ (የጎረቤት ልጅ ያንብብላት)
ለአጎታችን ልጅ፣ ከነመጋዙ
ቀብዴን መልሱልኝ ማለት ለጀመረው የባሕር ዛፍ ነጋዴ