ማስተካከያ፦ ባክቴሪያን በሌዘር ስለሚለየው መሣሪያ

ባለፈው ጽሑፌ፣ በሆስፒታል ላቦራቶሪዎች ባክቴሪያን በሌዘር ለመለየት የሚያገለግለውን «ማልዲ» የተባለ ዘዴ የፈጠረው ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ታናካ የ2002 (እ.ኤ.አ.) የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተጋሩት አንዱ ነው። የእሱ ዘዴ ግን ግሊሰሪንና የደቀቀ የኮባልት ዱቄት ነበር የሚጠቀመው። ማልዲን ያዳበሩት ጀርመናውያኑ ሚካኤል ካራስና ፍራንዝ ሂለንካምፕ ናቸው። ከሽልማቱ ውጭ ቀርተዋል፤ እኔም ስማቸውን መዝለሌ ቆጭቶኛል።

ከዚህ የከበደ ስህተትም አለ። መሣሪያው በሽተኛውን የሚያድነው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይናገራል ብያለሁ። ዋና ሥራው ይሄ አይደለም። ባለሙያዋ ከበቀለው ባክቴሪያ ቆንጠር አድርጋ ብረት ሳህን ላይ ትቀባለች፣ አንድ ጠብታ ኬሚካል ትጨምርበታለች፣ ሲደርቅ ሌዘሩ ይመታዋል። በደቂቃዎች ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት ይታወቃል። የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገድለው ለማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።