ማስተካከያ፦ በክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ

ባለፈው ስለ ጀማሪ ጊታር ስጽፍ አንድ ከባድ ስህተት ሠርቻለሁ። «የናይለን ክር ያለው ክላሲካል ጊታር ግዙ፤ ድምፁ ካነሰባችሁ የብረት ክር ትቀይሩበታላችሁ» ብዬ ነበር። እንዳታደርጉት!

ስድስቱ የናይለን ክሮች ሲቃኙ በድምሩ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። የብረቶቹ እንደ ውፍረታቸው 70 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ክላሲካል ጊታር ይህን እንዲችል አልተሠራም። ብዙዎቹ አንገታቸው ውስጥ የሚደግፋቸው የብረት ዘንግ እንኳ የላቸውም። አንገቱ ይጎብጣል፣ የፊቱ እንጨት ያብጣል፣ ክሩ የሚታሰርበት ብሪጅም ተገንጥሎ ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ የብረት ድምፅ የሚወድ ከመጀመሪያው ለብረት የተሠራ አኮስቲክ ይግዛ። ጣት ያማል፤ ግን ይለመዳል። ሱቅ ውስጥ መለየት ቀላል ነው። ብሪጁን እዩ። ክሩ ተጠምጥሞ ከታሰረ ጊታሩ ለናይለን ነው። በትንንሽ ችንካሮች ከተወተፈ ለብረት ነው።

ናይለን ለጣት ይለሰልሳል ያልኩት ልክ ነው። የክላሲካል አንገት ሰፊ መሆኑን ግን ዘልዬዋለሁ፤ ጫፉ ላይ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የአኮስቲኩ 43 ገደማ። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዋል።

ምክሬን ሰምታችሁ የቀየራችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ። ዛሬውኑ ክሩን አላሉት።