እያንዳንዱን እግር ለየብቻው እንለካ

ደሴ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤት ቡድን ተጫዋች ስንመለምል ከፈተናዎቹ አንዱ ዝላይ ነው። ተማሪው የጣቱን ጫፍ ጠመኔ ይቀባል፣ ግድግዳ ጥግ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ምልክት ያደርጋል፤ ከዚያ በሁለት እግሩ ዘሎ የቻለውን ያህል ከፍ አድርጎ ይነካል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ውጤቱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተራው ደርሶ ዘለለ። ሁለቱ የጠመኔ ምልክቶች ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። «ቀጣይ» አልኩ። ልጁ ጠመኔውን ለጓደኛው አቀብሎ ዝም ብሎ ሄደ። ሲሄድ ጫማውን አየሁት። የቀኙ ሸራ ጫማ ጫፉ ተበልቶ አውራ ጣቱ ሊወጣ ደርሷል፤ ግራው ደህና ነው። የሆጤን ዳገት በየቀኑ የሚወጣው ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነበር።

ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። በዚያ ቀን «ቀጣይ» ማለቴ ስህተት ነበር። ይህን የምጽፈውም ብዙዎቻችን መምህራንና አሠልጣኞች ዛሬም ያንኑ ቃል እየደገምን ስለሆነ ነው።

ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ፣ ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ሰዓት ወይም በሕፃንነት የሚደርስ ጉዳት ውጤት ነው። በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ከባድ የጨቅላ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከመነሻዎቹ መካከል ናቸው። እርግማን አይደለም፤ ልክፍትም አይደለም። የአንጎሉ ጉዳትም እያደር አይሰፋም።

ሰው ሊዘል ሲል ጉልበቱን ሸብረክ ያደርጋል፣ ባቱ ይለጠጥና ወዲያው ይኮማተራል፤ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ተከታትለው ይዘረጋሉ። ሁሉም በቅጽበት ያልቃል። በዚህ ልጅ ቀኝ እግር ላይ ግን ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ተዛብቶ ነው የሚደርሰው። የሚገፋው ጡንቻና ተቃራኒው አብረው ይጨመደዳሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዘዋል። ግራው ብቻውን ሁለቱንም ተሸክሞ ይነሳል። ግድግዳው ላይ የሚቀረው ምልክት ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው «ዝቅተኛ» ብሎ ብቻ ነው።

በስፔን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን እግር ኳስ ተጫዋቾች ዝላይ ሲለኩ ቆይተዋል። ተጫዋቾቹ ጉዳት ከሌለባቸው ያነሰ መዝለላቸው የሚጠበቅ ነው። እኔን የሳበኝ ወደ ላይ በሚዘለለው ብቻ አለመወሰናቸው ነው፤ ወደ ፊትም ያዘልላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንደምናደርገው በአንድ እግር ሦስት ጊዜ ያስዘልላሉ። በሁለት እግር ሲዘለል ደህናው የደካማውን ይሸፍናል፤ በአንድ እግር ሲሆን ግን እያንዳንዱ እግር የራሱን ያወጣል። ይህ ለቴስታ ብቻ የሚጠቅም ነገር እንዳይመስለን። ሩጫ ሲጀመር፣ ድንገት ሲዞሩ፣ ተጋፍቶ ሳይወድቁ ለመቆም የሚያስፈልገው ግፊት ያው ነው።

የእነዚህ ተጫዋቾች እግር ኳስ የራሱ ሕግ አለው። በአንድ ወገን ሰባት ተጫዋች ይሰለፋል፣ ጎሉ 5 በ2 ሜትር ነው፣ ኦፍሳይድ የለም፣ የእጅ ውርወራውን በአንድ እጅ መሬት ለመሬት ማንከባለል ይፈቀዳል። ተጫዋቾች እንደ ጉዳታቸው መጠን በሦስት ደረጃ ይመደባሉ። ጉዳቱ ከከበደባቸው ቢያንስ አንዱ ሜዳ ላይ መኖር አለበት፤ ጉዳቱ ከቀለለላቸው ደግሞ ከአንድ በላይ መሰለፍ አይችልም። ይህን ሳነብ ቆሜ አሰብኩ። እኛ ዘንድ ሲሆን አዝነን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የምናስቀምጠውን ልጅ እዚያ ሕጉ ራሱ ሜዳ ያስገባዋል።

ስፖርቱ ከ1984 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. በፓራሊምፒክ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወጣ። የተሰጠው ምክንያት በቂ አገሮች ዘንድ አልተስፋፋም የሚል ነው። እኛ ዘንድ ይህን ኳስ የሚጫወት ልጅ ቢኖር ከሚቆጠሩት እንሆን ነበር። ትዕግስት ገዛኸኝ በቶኪዮ በ1500 ሜትር የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ ሁላችንም ደስ ብሎናል። የሚጎትት እግር ላለው ልጅ ግን ቦታው የቱ ጋ ነው ብለን ጠይቀን አናውቅም።

እኔ እናቱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ልጁን ወደ ልምምድ ልመልሰው ብፈልግም እንዳይወድቅ እንደምሰጋ ስነግራቸው፣ «መምህር፣ ይወድቃል ብለው አይስጉ፤ ቤትም ይወድቃል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በየሳምንቱ ቅዳሜ በአንድ እግር ሦስት ጊዜ ይዘልላል፣ ያረፈበት ላይ ጠጠር እናስቀምጣለን። ለግራው አንድ፣ ለቀኙ አንድ። የማወዳድረው ከራሱ ጠጠር ጋር ብቻ ነው። ጡንቻን ማጠንከር የእነዚህን ልጆች የጡንቻ ግትርነት ያባብሳል የሚለው የድሮ ስጋት በጥናት ውድቅ ሆኗል፤ ስለዚህ ተረከዙን ከደረጃ ላይ እያነሳና እያወረደ ባቱን ያሠራል። ሦስት ወር ሲሞላ የቀኙ ጠጠር አራት ጣት ያህል ወደ ፊት ሄዷል። የግራው እዚያው ነበር ማለት ይቻላል።

የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ውድድር ሲዘጋጅ አንድ የሰባት ለሰባት ጨዋታ ይያዝልን፤ ጉዳቱ የከበደበት ልጅ ካልተሰለፈ ጨዋታው አይጀመር። ልጅ አለን የሚል ትምህርት ቤት ይጥራኝ። ሜትሩንና ጠመኔውን ይዤ እመጣለሁ፤ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻም ቢሆን።