እርማት፦ የጓጎለ ኢንሱሊን በመነቅነቅ አይመለስም

"ኢንሱሊኑ ከጓጎለ በደንብ ነቅንቁት፣ ይሟሟል" የሚል ምክር እዚህ ኮመንት ላይ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። ለበጎ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ልክ አይደለም።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ሙቀት ሲያገኘው ወይም ሲናጥ ቅርጹ ይፈታና ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተደራርበው አሚሎይድ ፋይብሪል የሚባል ቀጭን ክር ይሠራሉ፣ አንዴ ክር ከሆነ ደግሞ እንደ ስኳር በውሃ አይሟሟም። መነቅነቁ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ፕሮቲኑ በተለይ የሚፈታው አየሩና ፈሳሹ የሚገናኙበት ላይ ነው፣ አረፋ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይሄ ቦታ ይሰፋል።

ሰዉን ያሳሳተው ኤንፒኤች የሚባለው የኢንሱሊን ዓይነት መሰለኝ። እሱ ከፋብሪካ ሲወጣም ነጭ ድፍርስ ነው፤ በሁለት መዳፍ መሃል ቀስ አድርጋችሁ ስታንከባልሉት ወተት ይመስላል። ሬጉላር የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን እንደ ውሃ ጥርት ማለት አለበት።

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሱት። ሬጉላሩ ከደፈረሰ፣ ወይም ኤንፒኤቹ ተንከባሎም ነጭ ቅንጣት መስታወቱ ላይ ከቀረ፣ አትወጉት። በመርፌው የቀዳችሁት ልክ ያው ቢሆንም የሚሠራው ያንሳል፣ የደም ስኳር ከፍ ይላል፤ ታማሚው ምግቡን ይወቅሳል። ኢንሱሊኑን ግን አታቋርጡ፣ ዛሬውኑ ፋርማሲ ሄዳችሁ ሌላ ብልቃጥ ያዙ።