እርማት፦ ፍሪጅ ማታ መንቀል

“ማታ ፍሪጁን ነቅላችሁ ጠዋት ብትሰኩት የመብራት ሂሳብ በግማሽ ይቀንሳል” የሚል ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር አየሁ። ኑሮው ከብዷል፣ መቆጠብ የሚያስመሰግን ነው። ይቺ ምክር ግን ልክ አይደለችም።

ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። ውስጡ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይነሳል። ለ8 ሰዓት ነቅላችሁ ስትሰኩት የጠፋውን ቅዝቃዜ ለመመለስ ሳያርፍ ይሠራል። ሌሊት የተረፈው አብዛኛው ጠዋት ይበላል።

ዋናው ጉዳት ምግቡ ላይ ነው። ወተት፣ ሥጋና የተረፈ ወጥ ከ5 ዲግሪ በታች መቆየት አለባቸው። የጠፋ ፍሪጅ፣ በሩ ባይከፈትም እንኳ፣ ቅዝቃዜውን የሚይዘው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ደግሞ ሽታው ያልተለወጠ ወጥም ሊያሳምም ይችላል። ልጆች ያሉበት ቤት፣ እባካችሁ ይህን አትሞክሩ።

ማየት የፈለገ በሲኒ ውኃ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያስቀምጥ። ሲረጋ ሳንቲም ላዩ ላይ ጣል ያድርግበት። ፍሪጁ ሌሊቱን ተነቅሎ አድሮ፣ ጠዋት ተሰክቶ ውኃው እንደገና ሲረጋ ሳንቲሙ ሰጥሞ ከተገኘ፣ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው።

ለሂሳቡ ደግሞ ቆጣሪውን እዩ። እንጀራ የማይጋገርበትን ቀን መርጣችሁ ማታ 2 ሰዓት ላይ ቁጥሩን ጻፉ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት አነጻጽሩ። ከዚያ የጋገራችሁበትን ቀን ተመልከቱ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ትንሽ ፍሪጅ የሚጨርሰው በቀናት ነው። ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ ምጣዱ አንዴ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግሩ።